ባለ ሁለት ሞተር ትንሽ አውሮፕላንን በሌሊት ሳያላትሙ ማሳረፍ፦ ደረጃ በደረጃ

ቀን ላይ ጎማው መሬት መንካቱ እስኪያጠራጥር ድረስ በለስላሳው የሚያሳርፉ አብራሪዎች፣ ሌሊት ላይ በዚያው አውሮፕላንና በዚያው መንደርደሪያ መሬቱን ደጋግመው ይደበድቡታል። ምክንያቱ የእጃቸው መክበድ አይደለም። ዓይን ከፍታን የሚለካባቸው ነገሮች፣ ማለትም ሣሩ፣ ጥላውና የአስፋልቱ ሸካራነት በጨለማ አይታዩም፤ በዚያ ላይ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ስሮትሉ (የሞተሩን ኃይል የሚቆጣጠረው ማንሻ) ሲዘጋበት እንደ ባለ አንድ ሞተሩ አይንሳፈፍም፣ ይሰምጣል። ስለዚህ ይህ መመሪያ በሁለት ነገሮች ላይ ያተኩራል። እስከ መጨረሻዎቹ 50 ጫማዎች ድረስ ከፍታዎን ዓይንዎ ሳይሆን መሣሪያው ይንገርዎ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ አውሮፕላኑ መውረዱን ማቆሙን ሳያረጋግጡ ስሮትል አይዝጉ።

የተጻፈው የባለ ሁለት ሞተርና የሌሊት በረራ ፈቃድ ላላቸው፣ ወይም ከአስተማሪ ጋር ሆነው በመማር ላይ ላሉ ነው። እዚህ የሚያነቡት ነገር ከአውሮፕላንዎ የበረራ ማንዋል ጋር ከተጋጨ ማንዋሉን ይከተሉ።

በቅድሚያ፦ ጎማው ምን ያህል ይችላል?

ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት በቆየው የአሜሪካ የትናንሽ አውሮፕላኖች የብቃት ደንብ፣ በክፍል 23፣ የማረፊያ ጎማና ተሸካሚው አካል የሚነደፉበት የመውረጃ ፍጥነት ከአውሮፕላኑ ክብደትና ከክንፉ ስፋት ይሰላል፤ ውጤቱ በሰከንድ ከ7 ጫማ ማነስ የለበትም፣ ከ10 ጫማ በላይ እንዲሆንም አይጠየቅም። ይህን በኮክፒት ቋንቋ ሲያነቡት በደቂቃ ከ420 እስከ 600 ጫማ ማለት ነው።

አሁን ከዚህ ቁጥር ጎን የራስዎን አቀራረብ ያስቀምጡ። በ3 ዲግሪ ቁልቁለት፣ በ100 ኖት (በሰዓት 100 የባሕር ማይል) የመሬት ላይ ፍጥነት የሚወርድ አውሮፕላን በደቂቃ 530 ጫማ ያህል ይወርዳል። ይህ ማለት ፍሌር የሚባለውን የመጨረሻውን አፍንጫ የማንሳት ሥራ ጨርሶ ቢረሱት፣ አውሮፕላኑ ጎማው የተነደፈበትን ልክ ሊያሟጥጥ ወይም ሊያልፍ ይችላል። ከ20 ጫማ ከፍታ መሬት እስኪደርሱ ያለዎት ጊዜም በዚያው ፍጥነት ከ2 ሰከንድ ተኩል አይበልጥም።

ሁለተኛው ስሌት ይበልጥ ያስገርማል። መውረዱን ሙሉ በሙሉ አቁሞ በ3 ጫማ ከፍታ ላይ ያለ አውሮፕላን የክንፉን የማንሳት ኃይል ግማሹን ብቻ በድንገት ቢያጣ፣ መሬት ሲነካ የመውረጃ ፍጥነቱ በደቂቃ ወደ 600 ጫማ ይጠጋል። እንግዲህ ከመንደርደሪያው በላይ ሦስት ጫማ ብቻ ቀርቶ ስሮትል መዝጋት «ምንም የማያመጣ» ነገር አይደለም።

ደረጃ 1፦ ከመነሳትዎ በፊት

1. የክብደት ማዕከሉን ለማረፊያው ሰዓት ጭምር ያስሉ። በብዙ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላኖች ሁለት ሰው ከፊት ተቀምጦ የኋላው ወንበር ባዶ ሲሆን የክብደት ማዕከሉ ወደ ፊተኛው ወሰን ይጠጋል፤ በፓይፐር ሴኔካ ላይ የሠለጠነ ሁሉ የአፍንጫውን ክብደት ያውቀዋል። በዚህ ሁኔታ ሞተሩ ሲቀነስ መሪውን እስከ መጨረሻ ቢስቡም አፍንጫው ላይነሳ ይችላል። ማንዋሉ የሚፈቅድ ከሆነ ማመጣጠኛ ክብደት በኋለኛው የጭነት ክፍል ያስሩ። ያልታሰረ ክብደት አይጫኑ።

2. የማረፊያ ክብደት ወሰኑን ይፈትሹ። በአንዳንድ ሞዴሎች ከመነሻው ወሰን ያነሰ ነው፣ ስለዚህ ተነስተው ወዲያው መመለስ ቢያስፈልግዎ ከወሰኑ በላይ ሆነው ሊያርፉ ይችላሉ።

3. የፊት መስታወቱን ከውጭም ከውስጥም ይጥረጉ። ቀን የማይታይ ጭረትና የነፍሳት ቅሪት ሌሊት እያንዳንዱን መብራት ይበትናል።

4. የማረፊያና የታክሲ (በመሬት ላይ የመንዳት) መብራቶቹ እንደሚበሩ ብቻ ሳይሆን ወዴት እንደሚያበሩም ይመልከቱ። ሽቅብ ወይም ወደ ጎን የዞረ መብራት የተሳሳተ ከፍታ ያሳይዎታል።

5. ሁለት የእጅ ባትሪ ይያዙ፤ አንዱ ነጭ ብርሃን ያለው ይሁን፣ ምክንያቱም በኋላ ለምርመራ ያስፈልጋል።

6. ዓይንዎን ያዘጋጁ። ዓይን ጨለማን በሙላት ለመልመድ 30 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል፣ ይህን ለማበላሸት ግን አንድ የስልክ ስክሪን ይበቃል። ከ5,000 ጫማ በላይ ረጅም ጊዜ ከበረሩ የኦክስጅን መቀነስ የሌሊት ዕይታን ስለሚጎዳ፣ ኦክስጅን ካለዎት ይጠቀሙ።

7. ስለ መንደርደሪያው አምስት ነገሮችን ጽፈው ጉልበትዎ ላይ ያኑሩ፦ የመሬቱ ከፍታ ከባሕር ጠለል፣ ስፋቱ፣ ተዳፋትነቱ፣ ፓፒ የሚባለው የአቀራረብ መብራት መኖር አለመኖሩ፣ እንዲሁም ከመንደርደሪያው በፊት ያለው ምድር ብርሃን ያለው ወይም ጨለማ መሆኑ። አምስተኛውን አብዛኛው ሰው አይጠይቅም።

ደረጃ 2፦ ዓይንዎ በምን እንደሚያታልልዎ አስቀድመው ይወስኑ

የሌሊት የዓይን ማታለያ በፋይናል፣ ማለትም ከመንደርደሪያው ጋር በተስተካከለው የመጨረሻ ቀጥተኛ አቀራረብ ላይ ሲደርሱ የሚታወቅ ነገር አይደለም፤ የተታለለ ዓይን መታለሉን አይናገርምና። ስለዚህ ገና በጉዞ ከፍታ ላይ ሳሉ የጻፉትን ወረቀት ይመልከቱና ለራስዎ በድምፅ ይንገሩ።

መንደርደሪያው ከለመዱት የጠበበ ከሆነ ከእውነቱ ከፍ ያሉ ይመስልዎታል፣ ስለዚህ ዝቅ ብለው ይመጣሉ፣ ፍሌሩንም ዘግይተው ይጀምራሉ። ከለመዱት የሰፋ ከሆነ ደግሞ ዝቅ ያሉ ይመስልዎታል፣ ፍሌሩን ሽቅብ ላይ ይጀምሩና ከዚያ ይወድቃሉ። ወደ ላይ የሚወጣ ተዳፋት እንደ ጠባቡ፣ ወደ ታች የሚወርድ ተዳፋት እንደ ሰፊው ያታልላል። በመስታወቱ ላይ ያለ ዝናብ ከፍ ያሉ ያስመስልዎታል። በጣም የደመቀ የመንደርደሪያ መብራት ቅርብ ያስመስላል፤ ጥርት ባለ ሌሊት የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው ድምቀቱን እንዲቀንስልዎ መጠየቅ ነውር የለበትም።

ከሁሉ የከፋው ጥቁር ጉድጓድ የሚባለው ነው። ከመንደርደሪያው በፊት ያለው ምድር ባሕር፣ ጫካ ወይም መብራት የሌለው ሜዳ ሲሆን ከፊት የሚታየው ብቸኛ ነገር የመንደርደሪያው መብራት ይሆናል፤ ዓይንም የሚመዝነው ሌላ ነገር ስለሌለው ከፍ ያሉ ይመስለዋል። ውጤቱ ከትክክለኛው መንገድ በታች ወደ ታች የሚጎብጥ አቀራረብ ነው፣ አንዳንዴም ከመንደርደሪያው በፊት መሬት መንካት። ጥቁር ጉድጓድ ባለበት ቦታ ረጅምና ቀጥተኛ አቀራረብ አይምረጡ። ፓፒም ሆነ አይ.ኤል.ኤስ (በሬዲዮ ወደ መንደርደሪያው የሚመራ መሣሪያ) ከሌለ፣ ሌላ አውሮፕላን ማረፊያ መምረጥ ብልህነት ነው ባይ ነኝ።

ደረጃ 3፦ ከፋይናል በፊት

1. የከፍታ መለኪያዎን በወቅቱ ኪው.ኤን.ኤች (ወደ ባሕር ጠለል በተሰላው የአየር ግፊት) ያስተካክሉና ሁለት ጊዜ ያንብቡት።

2. የኮክፒቱን ብርሃን መሣሪያ ለማንበብ እስከሚበቃ ድረስ ብቻ ይቀንሱ። የጂ.ፒ.ኤስ ስክሪኑን አይርሱ።

3. የነፋሱን አቅጣጫ በቁጥር ይያዙ። ሌሊት የሣር ወይም የጭስ ምልክት ስለማይታይ የጎን መንሸራተትን ዘግይተው ያውቁታል፤ ወደ ጎን እየተንሸራተተ መሬት የሚነካ ጎማ ደግሞ ቁልቁል ከሚመታው በበለጠ ይጎዳል።

4. ጎማውን በቤዝ (ወደ ፋይናል ከመዞርዎ በፊት ባለው የአቀራረብ ክፍል) ወይም ከዚያ በፊት ያውርዱና ሦስቱን አረንጓዴ መብራቶች በጣትዎ እያመለከቱ ይቁጠሩ። በፋይናል ላይ ደግመው ይቁጠሩ።

5. ማረፍዎ እርግጠኛ እስኪሆን በፍጥነት መለኪያው ላይ ካለው ሰማያዊ መስመር በታች አይውረዱ። ይህ በአንድ ሞተር ለመውጣት የተሻለው ፍጥነት ነው፤ በዚያው መለኪያ ላይ ከታች ካለው ቀይ መስመር በታች አንዱ ሞተር ሙሉ ኃይል እየሰጠ ሌላው ቢጠፋ አቅጣጫን መያዝ አይቻልም።

ደረጃ 4፦ ከ3 ማይል እስከ 50 ጫማ

እዚህ ላይ አብራሪው ለዓይኑ ሥልጣን መስጠት የለበትም። ከመንደርደሪያው መጀመሪያ በእያንዳንዱ የባሕር ማይል 300 ጫማ ያህል ከፍታ ይያዙ፦ በ3 ማይል 900፣ በ2 ማይል 600፣ በ1 ማይል 300 ጫማ ከመንደርደሪያው በላይ። የመሬቱ ከፍታ 1,200 ጫማ ከሆነ በ2 ማይል ላይ የከፍታ መለኪያው 1,800 ማንበብ አለበት። ይህን ስሌት በወረቀት ላይ ቀድመው ይሥሩ፤ በፋይናል ላይ የሚሠራ ሒሳብ ይሳሳታል።

የመውረጃ ፍጥነቱን ለማግኘት የመሬት ላይ ፍጥነትዎን በ5 ያባዙ። በ90 ኖት 450 ያህል፣ በ110 ኖት 550 ያህል። የጀርባ ነፋስ ካለ ቁጥሩ ይጨምራል። በደቂቃ 800 ጫማ እየወረዱ መንደርደሪያው «ደህና» የሚመስልዎ ከሆነ መንደርደሪያው እየዋሸዎ ነው።

ፓፒ ካለ አራቱን መብራቶች ያንብቡ፦ ሁለት ነጭና ሁለት ቀይ በመንገዱ ላይ ነዎት፤ ሦስት ቀይ ሲሆን ትንሽ ዝቅ ብለዋል፤ አራቱም ቀይ ከሆኑ ወዲያው መውረድዎን ያቁሙ። አራቱም ነጭ ሲሆኑ በጣም ከፍ ብለዋል፤ ስሮትሉን ጨርሶ ዘግተው ለማሳደድ ግን አይሞክሩ፣ ምክንያቱም ከባዱን ማረፍ የሚወልደው ይህ ዓይነቱ የዘገየ ማሳደድ ነው። የመንደርደሪያው መጀመሪያ ሲቃረብ ፓፒው በጥቂት ጫማ ልዩነት ቀለም ስለሚቀይር በዚያ ጊዜ መከተልዎን ይተው።

500 ጫማ ላይ ያለው በር። ከመንደርደሪያው 500 ጫማ በላይ ሲደርሱ ጎማ ወርዶ ተቆልፎ፣ ፍላፕ (በክንፉ የኋላ ጠርዝ ያለው ተዘርጊ ክፍል) ለማረፊያ ተዘርግቶ፣ ፍጥነት ከታሰበው ብዙ ሳይርቅ፣ የመውረጃ ፍጥነትም ረግቶ መገኘት አለበት። የአቀራረብ ፍጥነትዎ ማንዋሉ ላይ ያለው ነው፤ ማንዋሉ ካልሰጠ በማረፊያ ሁኔታ ላይ ያለው የስቶል ፍጥነት (ክንፉ ማንሳት የሚያቆምበት) በ1.3 ተባዝቶ ይወሰዳል። ነፋሱ የሚመታ ከሆነ የምቱን ልዩነት ግማሽ ይጨምሩበት፦ ነፋሱ 12፣ ምቱ 22 ከሆነ ልዩነቱ 10 ነው፣ የሚጨምሩት 5 ኖት ነው። ከዚህ በላይ «ለጥንቃቄ» አይጨምሩ፤ ትርፍ ፍጥነት ፍሌር ላይ ያንሳፍፍዎታል፣ መንሳፈፉ ያስቸኩልዎታል፣ ችኮላው ደግሞ ስሮትል ያዘጋዎታል። ከአራቱ አንዱ ካልተሟላ ጎ አራውንድ ያድርጉ፣ ማለትም ማረፉን ትተው እንደገና ይውጡ። ስለዚህ ነገር በ300 ጫማ ላይ ከራስዎ ጋር አይከራከሩ።

ደረጃ 5፦ ፍሌሩ

ሙሉው መመሪያ ወደዚህ ቦታ የሚመራ ስለሆነ ቀስ ብለው ያንብቡት።

1. በ50 ጫማ ላይ ዓይንዎን ያንሱ። እስካሁን ሲያዩት የነበረውን የማነጣጠሪያ ነጥብ ይተዉና ወደ መንደርደሪያው ሩቅ ጫፍ፣ ወደ ቀዮቹ የመጨረሻ መብራቶች ይመልከቱ። የማረፊያ መብራትዎ የፈጠረውን የብርሃን ክብ አይመልከቱ። ዓይን ያንን ክብ ሲከተል አካባቢውን ሁሉ ያጣል፣ አፍንጫውም ሳይታወቅ ወደ ክቡ ያዘነብላል።

2. የጎን መብራቶቹ ከፍታ ይንገሩዎት። ሩቅ ጫፉን እያዩ ሳለ ግራና ቀኝ ያሉት የመንደርደሪያ መብራቶች በዓይንዎ ጠርዝ ላይ ሲሰፉና ሽቅብ ሲወጡ ይታያሉ። መስፋታቸው ሲፈጥን መሬቱ ቀርቧል። ይህን ስሜት በቃል ማስተማር አይቻልም፤ አስተማሪው አውሮፕላኑን በዝቅተኛ ከፍታ በመንደርደሪያው ላይ በቀጥታ እያበረረ ተማሪው መብራቶቹን ብቻ እንዲያይ ቢያደርግ፣ ሁለት ዙር ከአሥር ማረፍ የበለጠ ያስተምራል።

3. ከ20 እስከ 10 ጫማ ባለው ውስጥ አፍንጫውን ማንሳት ይጀምሩ። ጥሩ ምልክት የማረፊያ መብራቱ በአስፋልቱ ላይ ያሉትን ጥቁር የጎማ ቅሪቶች በግልጽ ማሳየት የሚጀምርበት ጊዜ ነው። እርጥብ መንደርደሪያ ላይ ግን ይህን ምልክት አይጠብቁ፣ ምክንያቱም ውሃው የመብራቱን ብርሃን ወደፊት ስለሚያንሸራትተው አስፋልቱ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። በዚህ እርምጃ ስሮትሎቹን አይንኩ። መሪውን ብቻ ቀስ አድርገው ይሳቡ።

4. መውረዱ ሲሞት ብቻ ስሮትል ይቀንሱ። አውሮፕላኑ ከመሬቱ ጥቂት ጫማ ከፍ ብሎ ለመሬቱ ትይዩ ሊሆን ሲቃረብ፣ ሁለቱንም ስሮትሎች በአንድ እጅ፣ በእኩልነት፣ ከ2 እስከ 3 ሰከንድ በሚወስድ እንቅስቃሴ ወደ ኋላ ይሳቡ። ስሮትል ሲቀነስ ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ ይከሰታሉ፦ ፕሮፔለሮቹ በክንፉ ላይ ይነፉት የነበረው አየር ይቀንሳል፣ እነርሱ ራሳቸውም እንደ ፍሬን ይሆናሉ። በዚህ ጊዜ አፍንጫው ይከብዳል፤ ስለዚህ የሚቀንሱት ኃይል እና የሚስቡት መሪ አብረው ይሂዱ። የትሪም (የመሪውን ክብደት የማቅለል) ሥራዎን በፋይናል ላይ በደንብ ካልጨረሱ እዚህ ላይ እጅዎ ይሸነፋል።

5. ዋናዎቹ ጎማዎች ይቅደሙ። ትንሽ ኃይል ሳይዘጋ ዋናዎቹ ጎማዎች ቢነኩ ጥፋት የለውም፤ እንዲያውም ሌሊት ላይ የምመርጠው ይህንኑ ነው። ሲነኩ ስሮትሎቹን ሙሉ በሙሉ ይዝጉ፣ መሪውን ግን አይልቀቁት። የአፍንጫው ጎማ በራሱ ጊዜ ቀስ ብሎ ይውረድ። ፍሬን የሚያዘው አፍንጫው ከወረደ በኋላ ነው።

ፍጹም ለስላሳ ማረፍን አያሳድዱ። በትክክለኛው ቦታ፣ ቀጥ ብሎ፣ በዋናዎቹ ጎማዎች የነካ ጠንከር ያለ ማረፍ፣ ለስላሳነት ፍለጋ መንደርደሪያውን ግማሽ በልቶ ከሚገኘው ይሻላል።

አንድ እርምጃ ሲበላሽ

*ፍሌሩ ሽቅብ ላይ ከተጀመረ።* አውሮፕላኑ ከ10 ጫማ በላይ ሆኖ መውረድ ካቆመ ወይም ወደ ላይ ከወጣ መሪውን ወደፊት አይግፉ። አፍንጫውን ባለበት ይያዙ፣ ሁለቱንም ስሮትሎች ጥቂት ይጨምሩና እንደገና ቀስ ብሎ እንዲወርድ ያድርጉ። ፍጥነቱ እየወደቀ ከሆነ፣ የስቶል ማስጠንቀቂያው ከጮኸ ወይም ከፍታዎን በትክክል ካላወቁት ጎ አራውንድ ያድርጉ።

*በድንገት እየሰመጠ ከሆነ።* መጀመሪያ ኃይል፣ ከዚያ መሪ። መሪውን ብቻ በድንገት መሳብ ክንፉን ወደ ስቶል ያስገባል፣ አውሮፕላኑም በጅራቱ እየተንጠለጠለ ይወድቃል።

*ከነጠረ።* ጥቂት ጫማ ብቻ ከነጠረ የማረፊያውን የአፍንጫ ሁኔታ ሳይለውጡ ጥቂት ኃይል ይጨምሩና በዋናዎቹ ጎማዎች እንደገና ያስቀምጡት። ከዚያ በላይ ከነጠረ ሁለተኛ ሙከራ አያድርጉ፤ ጎ አራውንድ ያድርጉ። ሌሊት ላይ የመንጠሩን ቁመት በዓይን መለካት ከባድ ስለሆነ፣ ጥርጣሬ ካለ ከፍተኛ ነው ብለው ይውሰዱት።

*መንጠሩ ከተደጋገመ።* አውሮፕላኑ በአፍንጫ ጎማው ነክቶ፣ ነጥሮ፣ እንደገና በአፍንጫው የሚወርድበት ሁኔታ እያንዳንዱ ዙር ከበፊቱ የሚብስበት ነው። እጅዎ ሁልጊዜ ከአውሮፕላኑ አንድ እርምጃ ስለሚዘገይ በመግፋትና በመሳብ ሊያረጋጉት አይችሉም። የአፍንጫው ጎማ የሚሰበረውና ፕሮፔለሮቹ አስፋልቱን የሚመቱት በዚህ ነው። ገና የመጀመሪያው መንጠር ላይ መሪውን በማረፊያ ሁኔታ ያስሩት፣ ሁለተኛው ሳይመጣ ይውጡ።

*የማረፊያ መብራቱ ከጠፋ።* ፍሌሩን በዓይን አይፈልጉት። በ50 ጫማ ገደማ የማረፊያውን የአፍንጫ ሁኔታ ይያዙ፣ የመውረጃ ፍጥነቱን በስሮትል በደቂቃ ከ100 እስከ 150 ጫማ ያድርጉ፣ ጎማው እስኪነካ ድረስ በዚያው ይቆዩ። ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይበላልና ርዝመቱን ቀድመው ያስቡ። ይህን ከአስተማሪ ጋር መብራቱን ሆን ብለው አጥፍተው ይለማመዱት።

*በአንድ ሞተር ከሆኑ።* የራደሩን (የጅራቱን የአቅጣጫ መሪ) ትሪም በፋይናል ላይ ወደ መካከል ይመልሱ፤ አለበለዚያ የሚሠራውን ሞተር ስሮትል ሲዘጉ አፍንጫው ወደ ጎን ይጠመዘዛል። የቆመው ፕሮፔለር ፌዘር ከሆነ (ስለቶቹ አየሩን እንዳይገቱ ከነፋሱ ጋር ከተስተካከሉ) ከወትሮው ያነሰ ስለሚጎትት አውሮፕላኑ ይበልጥ ይንሳፈፋል። ጎማና ሙሉ ፍላፕ ከወረዱ በኋላ በአንድ ሞተር መውጣት በአብዛኞቹ ትንንሽ አውሮፕላኖች የማይታመን ስለሆነ፣ የማይመለሱበትን ከፍታ ቀድመው ይወስኑ።

ጎ አራውንድ በጨለማ

1. ሁለቱንም ስሮትሎች በእኩልነትና በለስላሳው ወደፊት ይግፉ። ቱርቦቻርጀር ያለው ሞተር ከሆነ ወሰኑን እንዳያልፍ የማኒፎልድ ግፊቱን (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ግፊት) ይመልከቱ። ፍጥነትዎ ከቀዩ መስመር አጠገብ ስለሆነ አንዱ ሞተር ቢዘገይ አፍንጫው ወደ እሱ ይዞራል፤ እግርዎ ዝግጁ ይሁን።

2. ዓይንዎን ከውጭ ያንሱና ሰው ሠራሽ አድማሱ ላይ ያኑሩ። አውሮፕላኑ በድንገት ሲፈጥን የውስጥ ጆሮ አፍንጫው ሽቅብ የተነሳ ያስመስላል፤ ከመንደርደሪያው ማዶ ጨለማ ከሆነ አብራሪው ሳያውቅ መሪውን ወደፊት ገፍቶ ወደ መሬት ይበርራል። መሣሪያው የሚለውን ይመኑ።

3. የመውጫውን የአፍንጫ ሁኔታ ይያዙ፣ ከዚያ ፍላፑን ማንዋሉ በሚለው ቅደም ተከተል ይቀንሱ።

4. የከፍታ መለኪያውም የመውጫ መለኪያውም ሁለቱም መውጣትዎን ሲያሳዩ ጎማውን ይሰብስቡ።

ማስጠንቀቂያ፦ ፕሮፔለር መሬት መምታቱን ከሰሙ ወይም ከጠረጠሩ፣ መንደርደሪያም ከቀረዎ፣ ጎ አራውንድ አያድርጉ። የተጣመመ ፕሮፔለር ኃይል ላይሰጥ ወይም ሞተሩን ከመያዣው እስኪነቅል ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። መሬት ላይ ይቆዩ።

ከባድ ማረፍ ከደረሰ በኋላ

1. አቅጣጫዎን ይያዙ፣ ፍጥነቱን ይቀንሱ፣ ከዚያ በፊት ምንም ማንሻ አይንኩ። ፍላፕ ለመሰብሰብ የተዘረጋ እጅ በጨለማ የጎማውን ማንሻ ሊይዝ ይችላል፤ በአንዳንድ አሮጌ የቢችክራፍት ሞዴሎች የሁለቱ ቦታ ከተለመደው ተገላቢጦሽ ነው።

2. አውሮፕላኑ ወደ አንድ ጎን ከዘመመ፣ ከጎተተ ወይም ያልተለመደ መንቀጥቀጥ ካለ ታክሲ አያድርጉ። ቆመው ለተቆጣጣሪው ያሳውቁ፤ ተቆጣጣሪ ከሌለ መንደርደሪያው መዘጋቱን በሬዲዮ ያሰሙ።

3. የነዳጅ ሽታ ካለ ሚክስቸርን (የነዳጅና የአየር ድብልቅ መቆጣጠሪያውን)፣ ነዳጅን፣ ማግኔቶን (የሞተሩን ማቀጣጠያ) እና የኤሌክትሪክ ማስተሩን በማንዋሉ ቅደም ተከተል አጥፍተው ተሳፋሪዎችን ከክንፉ ኋላ ያውጡ። ከሁሉም በፊት ፕሮፔለሮቹ መቆማቸውን ይመልከቱ፤ ሌሊት የሚሽከረከር ፕሮፔለር አይታይም።

4. ሬዲዮው የሚሠራ ከሆነ ከማጥፋትዎ በፊት 121.5 ሜጋኸርዝን ያዳምጡ። ግጭቱ ኢ.ኤል.ቲ የተባለውን የአደጋ ጊዜ አስተላላፊ ቀስቅሶት ሊሆን ይችላል። ከየካቲት 1 ቀን 2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሳተላይቶች የሚከታተሉት በ406 ሜጋኸርዝ የሚተላለፈውን ስለሆነ፣ የእርስዎ አስተላላፊ በዚህ የሚሠራ ከሆነ ሳያስፈልግ ፍለጋ እንዳይጀመር ለተቆጣጣሪው ወዲያው ይንገሩ።

በእጅ ባትሪ የሚደረግ የመጀመሪያ ምርመራ

ባትሪውን በቀጥታ ሳይሆን ከቆርቆሮው ጎን አስጠግተው አግድም ያብሩ፤ ቀጥተኛ ብርሃን የሚደብቀውን ሽብሽብ የጎን ብርሃን ጥላ አድርጎ ያወጣዋል። ይህን ቅደም ተከተል ይከተሉ፦

- ጎማዎቹንና ቸርኬዎቹን፣ የፍሬን ቱቦዎችን፣ ግጭቱን የሚውጡትን ስትረቶች። የግራና የቀኙ ቁመት ቢለያይ ወይም ዘይት ቢያፈስ ይመዝግቡ።
- የጎማ ማረፊያው ከክንፉ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ፣ የጎማ በሮቹን፣ የክንፉን የላይኛውና የታችኛው ቆርቆሮ። በሪቬት ዙሪያ ጥቁር ዱካ ካለ ሪቬቱ ላልቷል ማለት ነው።
- ክንፉ ሥር የነዳጅ ጠብታ። በግራና በቀኝ ክንፍ ጫፍ ታንክ ያላቸው አውሮፕላኖች፣ ለምሳሌ ሴስና 310፣ በጫፉ ላይ ያለው ክብደት ግጭቱን ወደ ክንፉ ስለሚያባዛ እዚያ ይበልጥ ይፈልጉ።
- የሞተር መያዣዎችን፣ የእሳት መከላከያ ግድግዳውን፣ በሞተር ሽፋኑና በፕሮፔለሩ መካከል ያለው ክፍተት መለወጡን።
- የእያንዳንዱን የፕሮፔለር ስለት ጫፍ በጣት። ጭረት፣ መታጠፍ ወይም የአስፋልት ዱቄት ካለ በቃ፣ ሌላ ማስረጃ አይፈልጉ።
- የጅራቱን ሥርና የሆዱን የኋላ ክፍል።

ምንም ባያገኙም አውሮፕላኑ በረራ አያደርግም። የጎማው መሰብሰቢያ መሣሪያ ጉዳቱን የሚያሳየው አውሮፕላኑ በክሪክ ተነስቶ ጎማው ደጋግሞ ሲወጣና ሲገባ ነው፤ የክንፉ አጥንትም ከውጭ አይታይም። የጥገና ማንዋሎች ለከባድ ማረፍ የተለየ የምርመራ ዝርዝር አላቸው፣ በተለመደው የምዕራፍ አከፋፈል ምዕራፍ 5 ውስጥ ይገኛል፤ ይህን የሚሠራውና በመዝገቡ የሚፈርመው የጥገና ባለሙያው ነው። ለእርሱ የሚጠቅመውን ዕለቱኑ ይጻፉለት፦ የማረፊያው ክብደት ግምት፣ የመጀመሪያው ጎማ የትኛው እንደሆነ፣ ስንት ጊዜ እንደነጠረ፣ ወደ ጎን መንሸራተት እንደነበረ፣ ፍላፑ በምን ሁኔታ ላይ እንደነበረ።

ፕሮፔለር መሬት ነክቶ ከሆነ ሞተሩ ሳይቆም ቢቀጥልም፣ «ስለቱን ብቻ አስተካክለን እንብረር» የሚል ሐሳብ አይቀበሉ። ሁለቱም ዋና የፒስተን ሞተር አምራቾች፣ ላይካሚንግና ኮንቲኔንታል፣ ከእንዲህ ያለ ምት በኋላ ሞተሩ ተፈትቶ እንዲመረመር ያዝዛሉ፤ ምቱ ክራንክሻፍቱ ውስጥ የሚተወው ስንጥቅ በዚያ ሌሊት ሳይሆን ከብዙ የበረራ ሰዓት በኋላ ሊከፈት ይችላል።